መምህርት ነፊሳ አበላሽተውት የወጡት ሰርቨር

አበባው ሲደውልልኝ ከዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ እየወጣሁ ነበር። አበባው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ፣ በመተማ ቆላ ያለችው የትንሿ ከተማችን የኮኪት ልጅ ነው፤ ያለ ቀልድ ሰላም ማለት አይሆንለትም። ስለዚህ ስልኩን ሳነሣ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ማስተዋል» ብሎ ስሜን ብቻ ጠራ። ከኋላው የትራክተር ድምፅ ይሰማኛል። ቆይቶ፣ «መምህርት ነፊሳ አረፉ» አለኝ።

ለሕክምና ወደ ጎንደር መሄዳቸውን ሰምቼ ነበር። ተሽሏቸው ይመለሳሉ ብለን እንጂ ሌላ ነገር አላሰብንም። አስከሬናቸው ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ አባታቸው ቤት ተወስዶ በዚያው ዕለት መቀበራቸውን፣ ከኮኪት ተማሪውም ወላጁም በጭነት መኪና ተጭኖ ለቀብር መሄዱን ነገረኝ። ነጋዴው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ስለነበር ከቀብር ሲመለሱ ውኃ የሚሸጥላቸው እንኳ አላገኙም። አበባው ይህን ሲናገር ሊቀልድ የፈለገ መሰለኝ፤ ግን አልሆነለትም።

መምህርት ነፊሳ የአይሲቲ መምህርታችን ነበሩ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሲራመዱ ግን ረጃጅሞቹ ወንዶች አይደርሱባቸውም። አባታቸው መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን የሚመጣ ሽቶ፣ ስኳርና ፕላስቲክ ዕቃ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ብትቀመጥ ይወዱ ነበር። መምህርት ነፊሳ ግን ጎንደር ተምረው፣ ተመልሰው ቆላ ወርደው፣ እኛን ማስተማር መረጡ። ከደጋ የሚመደቡት መምህራን አንድ ክረምት ወባውንና ሙቀቱን ከቀመሱ በኋላ ዝውውር ይጠይቃሉ፤ አንፈርድባቸውም። መምህርት ነፊሳን ለምን እንደማይሄዱ የጠየቃቸው ሰው ሲኖር፣ «ሁሉም ደጋ ከወጣ ቆላውን ማን ያስተምረው? ዝንጀሮ?» ይሉ ነበር።

የኮምፒውተር ክፍላችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ ነበሩ። ሁሉም የሚመገቡት ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ ሰርቨር ከሚባል አንድ ዋና ኮምፒውተር ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ ደግሞ የሁሉም ክፍል መጻሕፍት፣ የትምህርት ቪዲዮዎች፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች አሉ። ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ወር ይጠፋልና መምህርት ነፊሳ ጎንደር በሄዱ ቁጥር እዚያ ያገኙትን ሁሉ በዲስክ ቀድተው ያመጣሉ። ይህ በዓመታት የተለቀመ ነው። ወላጆቹ ለእርሻ በረሃ ወርደው ብቻውን የቀረ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም።

ሰርቨሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። «እጅ ወደ ኋላ» ይላሉ፤ እሳቸውም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። እኛ ጋ ጀነሬተርም ሆነ ትራክተር አልነሣ ሲል ይመታል፣ ይገፋል፣ ደግሞ ይሞከራል። ኮምፒውተርም ትንሽ ሲዘገይ ጣታችን ወደ ማጥፊያው ይሮጣል። እሳቸው ግን «የሚነሣ ሰው አይጎተትም፤ ምን እያለ እንደሆነ አንብቡ» ይሉናል። ስክሪኑ ላይ የሚሮጡትን ነጫጭ ጽሑፎች ሌላው ሰው ዝናብ እንደሚያይ ነው የሚያያቸው። እኛ ማንበብ ለመድን።

አንድ ቀን ኮምፒውተር ሲነሣ ዲስኮቹን እንዴት እንደሚከፍት ሊያስረዱን ፈለጉ። መጽሐፉን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና አባቴ ለሰሊጥ እርሻ በረሃ ሲወርድ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁኝ። ትራክተር ላይ የውኃ በርሜል ጭኖ ሁለት ሰው እንደሚልክ፣ እነሱም ዳስ እንደሚጥሉ ነገርኳቸው።

«ዘሩስ? እህሉስ? መሣሪያውስ?»

«መጋዘን ተቆልፎበታል።»

«መጋዘኑን ማን ይከፍተዋል?»

«ዳሱ ውስጥ ያደሩት ሰዎች።»

«መጋዘኑ ከተከፈተ በኋላ ዳሱ ምን ይሆናል?»

«ይፈርሳል፤ ሰው ሁሉ ወደ ካምፑ ይገባል።»

«በቃ፣ ትምህርቱን አስተማርሽልኝ» አሉና ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ኮምፒውተሩ ሲነቃ ስለ ዲስክ ምንም አያውቅም አሉን። ዲስኩን ለመክፈት የሚያስፈልገው መሣሪያ ያለው ራሱ ዲስኩ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ መጋዘኑ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሜሞሪው ላይ አንዲት ትንሽ ዳስ ይጥላል፤ በጣም አስፈላጊ መሣሪያዎች ብቻ ያሉባት ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት ናት። ዳሷ ውስጥ ያሉት ዋናውን ዲስክ ፈልገው ይከፍቱታል። ሲከፍቱትም መጀመሪያ ለማንበብ ብቻ ነው፤ የተጎዳ ነገር አለመኖሩ ሳይመረመር አይጻፍበትም። ከዚያ ዳሷ ትፈርስና ኃላፊነቱ ለዋናው ዲስክ ይተላለፋል። ዋናው ዲስክ ላይ አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ ሌሎቹ ዲስኮች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በምን ዓይነት ሥርዓት እንደተጻፉና የት የት ቦታ እንደሚከፈቱ የሚናገር። እያንዳንዱን ዲስክ እንዲህ በየቦታው መክፈት «ማውንት ማድረግ» ይባላል። ስለ ዓይነቱ የነገሩንም አይረሳኝም፦ ዓረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ይነበባል፣ አማርኛ ከግራ፤ ዓረብኛውን ከግራ ጀምሮ ያነበበ ሰው መጽሐፉ ተበላሽቷል ቢል ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ቡድን እንደሚመጣ ተነገረን። በየትምህርት ቤቱ ያሉትን ኮምፒውተሮች እያዩ፣ በአግባቡ የማይሠሩትን ሰብስበው ትልቅ ከተማ ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ሊያዛውሩ ነው። ርዕሰ መምህራችን አቶ ደመላሽ ይህን ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራቸውም። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሲጨነቁ ንግግራቸው ይፈጥናል።

ቡድኑ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ከባድ መብረቅና ዝናብ ሆነ። በእኛ አገር መብረቅ ሲመጣ ከግድግዳው ላይ የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀላል። ዘበኛው ሮጠው ገብተው የሰርቨሩን ገመድ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተሰኩትን ዲስኮች ጭምር ነቃቅለው በጆንያ ሸፈኑልን። በማግስቱ መልሰን ሰካናቸው። ሰርቨሩ ጀመረ፣ ሮጠ፣ ከዚያ ቆመ። አንድ ዲስክ እየጠበቀ እንደሆነ ጻፈ። ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣው ጥቁር ስክሪን ላይ የይለፍ ቃል ጠየቀን።

አቶ ደመላሽ ከበሩ ላይ ሆነው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጫን አሉ፤ ባዶ ሆኖ የሚሠራ ማሽን ሞልቶ ከማይሠራው ይሻላል፣ ቡድኑ የሚያየው መብራቱን ነው። ክፉ አስበው አልነበረም። መምህርት ነፊሳ በትሕትና አዳመጧቸው። ከዚያ፣ «አቶ ደመላሽ፣ ትንፋሹን ሳናዳምጥ አንቀብረውም» አሉ።

አበባው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሰንጠረዡን ሊያስተካክል ሞከረ። ማሽኑ አልጽፍም አለው። «ደርቋል፤ ዲስኩ ሞቷል» አለ አበባው። መምህርት ነፊሳ አልሞተም አሉት፤ ለማንበብ ብቻ ስለተከፈተ ነው። ያልመረመሩት መጋዘን ላይ ጆንያ እንደማይጫን ሁሉ፣ መርምረን ደህና መሆኑን ስናውቅ «አሁን ለመጻፍም ተከፈት» ብለን በድጋሚ ማዘዝ አለብን። መረመርነው፣ አዘዝነው፣ ተከፈተ።

መምህርት ነፊሳ ሰንጠረዡን ሲያዩት ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ሰንጠረዡን የጻፈው አበባው ነበር። አበባው በየእረፍቱ አባቱ እርሻ ላይ የአጨዳ መስመር ይመራል። እዚያ ከጎጃምም ከወሎም የሚመጣው ሠራተኛ ብዙ ስለሆነ ስሙን የሚጠይቀው የለም፤ በቆመበት ቦታ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» እየተባለ ይጠራል። ነገ ቦታ ቢለዋወጡ ስማቸውም አብሮ ይለዋወጣል። አበባው ዲስኮቹንም የጻፋቸው እንዲሁ ነው፦ ትምህርቶቹ ያሉት «ሁለተኛው» ላይ። ዲስኮቹ ተነቅለው በሌላ ተራ ሲሰኩ ግን ሁለተኛ ሆኖ የተሰለፈው ገና ያልተዘጋጀ ባዶ ዲስክ ሆነ። ማሽኑ የሚጠብቀው ሰው መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በዚያ ቁጥር የተጠራው ግን ሌላ ነው።

መምህርት ነፊሳ እያንዳንዱ ዲስክ ሲዘጋጅ የሚሰጠው የራሱ መለያ እንዳለው አሳዩን፤ የትም ቢሰካ አይለወጥም። ሰንጠረዡ ላይ በተራ ቁጥሩ ፋንታ መለያውን ጻፍን። ሰርቨሩ ተነሣ፣ ትምህርቶቹም ተከፈቱ። አበባው አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ትከሻውን መታ አድርገው፣ «ሠራተኞቹንም ስማቸውን ጠይቃቸው» አሉት። በኋላ እንደነገረኝ ጠይቋቸው ነበር። የሚመዘግብ መስሏቸው ግማሾቹ የውሸት ስም ሰጡት።

አቶ ደመላሽ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ከእንግዲህ ቡድኑ እስኪሄድ ድረስ ማንም ሰርቨሩ አጠገብ እንዳይደርስ አዘዙ። ጆንያው ሳይቀር ተነሥቶ ክፍሉ ተጠረገ።

ቡድኑ መጣ። መሪያቸው በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል፣ ላባቸው ግን አልቆመም። ሁሉንም አዩ። ተማሪዎች ሲሠሩም ተመለከቱ። ጥሩ ነው አሉ። አቶ ደመላሽ መሳቅ ሲጀምሩ መሪው ወደ መምህርት ነፊሳ ዞሩ።

«መምህርት፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይህ የሚሠራው እርስዎ ስላሉ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ሌላም ቦታ አይቻለሁ። መምህሩ ይሄዳል፣ ክፍሉ የእንሽላሊት ቤት ይሆናል። ስለዚህ ይዛወር ብዬ ነው የምጽፈው፤ ባይወዱልኝም።»

«እኔ አልሄድም» አሉ መምህርት ነፊሳ።

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ደግሞም አለመሄድ በሰው እጅ አይደለም። ሰው ይታመማል፤ ይሞታል።»

 አቶ ደመላሽ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። እኛ መምህርት ነፊሳ ይቆጣሉ ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን አሰብ አደረጉና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እውነትዎን ነው፤ ሰው ይሞታል። እንግዲያው ይፍቀዱልኝና አሁን እዚሁ ልሙት።»

ሰውየው አልገባቸውም። እኛም አልገባንም። መምህርት ነፊሳ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡ፣ ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩት፣ አንድ ነገር ጻፉ፣ ሰርቨሩንም አጠፉት። ለመሪው ማሽኑን እንዳይነሣ አድርገው እንዳበላሹት ነገሯቸው። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ «ከአሁን በኋላ እኔ የለሁም» ብለው ወጡ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ።

«ሸጡን» አለ አበባው ቀስ ብሎ።

ሰርቨሩን አስነሣነው። ዳሷ ተጣለች፣ ዋናው ዲስክ ተከፈተ፣ ከዚያ ቆመ። ሁላችንም ያው ያለፈው ጥፋት መስሎን ነበር። አበባው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሰንጠረዡን አወጣ፤ መለያው ትክክል ነበር። ከዲስኩ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርነው፤ ምንም ስህተት የለበትም። መምህርት ነፊሳ ያለፈውን ጥፋት አልደገሙትም። የማናውቀው ነገር ነበር ያደረጉት።

ስክሪኑ ላይ ያለው መልእክት ያስፈራ ነበር። የዲስኩ ዋና መረጃ የተበላሸ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። አቶ ደመላሽ ይህን ከኋላችን አንብበው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ተበላሽቷል፣ እውነትም አበላሽተውታል፣ ጥሯቸው አሉ። ከመካከላችን አንዱ ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ላይ የመምህርት ነፊሳ ጀርባ ይታያል፤ አልዞሩም። ልጁ ትንሽ ቆሞ ሳይጠራቸው ተመለሰ።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ዲስኩን እንደ አዲስ እናዘጋጀው ቢል ኖሮ ሁላችንም የምንስማማ ይመስለኛል። ማሽኑ ይነሣ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹም ይተርፉ ነበር። ውስጡ ያለው ግን ይጠፋል። ቡድኑ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። መሪው ወንበር ሲቀርብላቸው እንኳ አልተቀመጡም።

መልእክቱን ከመጀመሪያው እንደገና እናንብበው ተባባልን። አንዷ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። መበላሸት የሚለው ቃል ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነበር፤ አስፈርቶን መጀመሪያውን ዘልለነዋል። መጀመሪያው የሚለው ግን «ዓይነቱ ትክክል አይደለም፣ ወይም» ነው። ከ«ወይም» በፊት ያለውን ማናችንም አላነበብንም ነበር።

ዲስኩን ራሱን በምን ዓይነት ሥርዓት እንደተጻፈ ጠየቅነው፤ መለሰልን። ሰንጠረዡን ስናይ ሌላ ዓይነት ተጽፎበታል።

አበባው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንጋለለ። «ዓረብኛውን ከግራ እያነበብን ነው እኮ» አለ።

ዋናው ዲስክ ደህና መሆኑን መረመርን፣ ለመጻፍ እንዲከፈት አዘዝን፣ ዓይነቱን አስተካከልን። ቁልፎቹን ለምትመታው ልጅ ሌላው ፊደሎቹን ይነግራት ነበር፤ አበባው ደግሞ ሁለቱንም ይሰድባቸዋል። አጥፍተን አስነሣነው። ጽሑፎቹ ሮጡ። የቆመበት ቦታ ደረሱ፤ አልፈውት ሄዱ። ከግድግዳው ሥር ያሉት ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ትምህርቶቹን አገኙ።  የቡድኑ መሪ ጎንበስ ብለው አንዱን መጽሐፍ ራሳቸው ከፍተው አዩና ወደ ውጭ ወጡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማን።

«መምህርት፣ ተከፈተ» አሉ።

መምህርት ነፊሳ አሁንም አልዞሩም። «ማነው የከፈተው?»

መሪው ወደ እኛ መለስ ብለው ተመለከቱ። «እንጃ። አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ ይሳደባል። እኔ ለይቼ አላወቅሁም።»

«ማን እንደከፈተው ካላወቁ፣ ማን ሲሄድ እንደሚዘጋም አያውቁም» አሏቸው።

 ሰውየው ኮታቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው አጠገባቸው ተቀመጡ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማንም። ኮምፒውተሮቹ ግን ኮኪት ቀሩ።

ባለፈው ሳምንት ከአበባው ጋር ስንደዋወል ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅሁት። በመምህርት ነፊሳ ቦታ ገና መምህር አልተመደበም። የኮምፒውተር ክፍሉ ግን ከቀብራቸው ማግስት ጀምሮ አንድም ቀን ሳይከፈት አልዋለም አለኝ። ማን እንደሚከፍተው አልጠየቅሁትም።